የቆርቆሮው ግመል ቅርጫ

የምስክርነት ቃል

ስም፦ ኢብቲሳም ዓሪፍ አብዱልሐሊም
ዕድሜ፦ 15 ዓመት
ሥራ፦ ተማሪ
አድራሻ፦ ሰሜን ወሎ፣ ሀብሩ ወረዳ፣ መርሳ ከተማ
ቀን፦ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ምስክሯ ለአካለ መጠን ስላልደረሰች ቃሏን የሰጠችው አሳዳጊ አያቷ አቶ አብዱልሐሊም ባሉበት ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ በሕግ ፊት ልደብቀው የማይገባኝን ጥፋቴን አምናለሁ። ማክሰኞ ኅዳር 10 ቀን ጠዋት የነበርሁት ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ሳይሆን የዕድራችን ግቢ ውስጥ ነው። አያቴ ሳጅኑን «እሱንም ጻፈው» ስላሉት ተጽፏል።

የዕድሩ መጋዘን በገበያው በኩል የቆርቆሮ አጥር አለው። ባለፈው ክረምት ሠዓሊዋ ሁሪያ ዕድሩን አስፈቅዳ፣ በራሷ ቀለም፣ አጥሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ግመል ከነማንጎ ዛፉ ሣለች። ገበያተኛው «ግመሉ ጋ እንገናኝ» ይባባል ጀመር። ከዚያ በፊት አጥሩ የሚታወቀው በሽንት ሽታው ነበር።

በኅዳር መጀመሪያ ኪሩቤል የሚባል የሥዕል ነጋዴ ከአዲስ አበባ ወደ ወልድያ ሲያልፍ መኪናውን አቁሞ «ይሸጣል?» ብሎ ጠየቀ። የዕድሩ ሽማግሌዎች ሁልጊዜ ለግመሉ ጀርባቸውን ሰጥተው ስለሚቀመጡ፣ ዞረው በደንብ ያዩት የዚያን ዕለት ነው። ሁሪያ ሰምታ መጣችና «የሣልሁት ለገበያተኛው ነው፤ አይሸጥም» አለች። አያቴ «ልጄ፣ ቀለሙ ያንቺ፣ ቆርቆሮው የዕድሩ» አሏት። «እንግዲያው ቀለሜን አራግፉልኝ» አለቻቸው።

ሽማግሌዎቹ ግን አንዱ ብልጥ ሆኖ ብቻውን እንዳይበላው ሲመክሩ ሰነበቱና፣ በተባለው ማክሰኞ አጥሩን ነቅለው ግመሉን ቅርጫ አደረጉት። ቆርቆሮዎቹን እንደ ሥጋ መደብ መደብ አድርገው መሬት ላይ ደረደሩ። ዕጣ ጣይ እኔ ነበርሁ። አያቴ የሶላት መቁጠሪያ ሙስበሃቸውን፣ አቶ ገሪማ የሱቃቸውን ቁልፍ፣ ሌሎቹም የየራሳቸውን ዕቃ ሰጡኝ፤ ዐይኔን ጨፍኜ ጣልሁ። የግመሉ ራስ ለአያቴ ደረሰ። ሻኛው የደረሳቸው አቶ ገሪማ አማትበው «እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ግመል በቆርቆሮም ቢሆን ቤቴ አይገባም። ማንጎው ይለወጥልኝ» አሉ። ማንጎው የደረሳቸው አቶ ሂሻም «ወላሂ፣ ሻኛ እያለ ቅጠል ማን ይወዳል!» ብለው በደስታ ለወጧቸው።

ሁሪያ ስትደርስ ያገኘችው ቋሚ እንጨቱን ብቻ ነው። «ግመሉን የት አደረጋችሁት?» ስትል «አለ፣ በየቤታችን» አሏት። እሷም ለፖሊስ አመለከተች።

እሑድ ዕለት ኪሩቤል ሲመለስ እያንዳንዳቸው ድርሻቸውን ተሸክመው ተሰለፉለት። «እኔ የፈለግሁት ሙሉውን ነበር» አለ። ከዚያ የግመሉን ራስ ብቻ ደጋግሞ አየና «ይህን ግን ሐሙስ መጥቼ እወስደዋለሁ» አለ። የኋላ እግር ይዘው የቆሙት አዛውንት «ራሱ ያለ እግር በምን መጣ?» ብለው ጮኹ። እኔ ደግሞ የገረመኝን ጠየቅሁ፦ «ጋሼ፣ አጥሩ ላይ እያለ ገበያው ሁሉ ያየዋል። እርስዎ ሲወስዱትስ ማን ያየዋል?» «የሚገዛኝ ሰው» አለኝ። «እሱ ሥራ ሲሄድስ?» ስለው መኪናውን አስነሣ። እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ፍየል ጀርባዋን የምታክበት ቆርቆሮ፣ አንድ እንግዳ ዋጋ ስለጠየቀበት ብቻ እጅ ታጥቦ የሚነካ ሆነ።

አያቴ ብቻቸውን ሊጠቀሙ ነው ብለው የተናደዱት ሽማግሌዎች ድርሻቸውን አንድ በአንድ ለሁሪያ መለሱ። እሷ ግን «አንገቱ የተቆረጠ ግመል ገበያ ላይ አልሰቅልም፤ ራሱ ከሄደ የቀረውንም አልመልሰው» አለች። ነጋዴው የሚመጣው ዛሬ ነው።

ፖሊስ የግመሉ ራስ የት እንዳለ ሲጠይቃቸው አያቴ «አላውቅም» ማለታቸው ተነግሮኛል። እኔ የምመሰክረው አያቴ አለመዋሸታቸውን ነው፤ በእርግጥም አያውቁም። አልጋቸው ሥር ያለ ይመስላቸዋል። አልጋቸው ሥር ያለው ግን ትናንት ከሰዓት በኋላ ለዐስር ሶላት መስጊድ ሲሄዱ በጨርቅ ጠቅልዬ የተካሁት የዶሮ ቤታችን ቆርቆሮ ነው። የግመሉን ራስ ለሁሪያ ሰጥቻታለሁ፤ ወደዚህ ስንመጣ ከገበያው በኩል የሰማነው መዶሻም የእሷ ነበር።

ይህን እንዳልሁ አያቴ ከወንበራቸው ተነሥተው «ኢብቲሳም!» ብለው ስለጠሩኝ ቃሌ እዚህ ላይ ቆሟል። የተናገርሁት ሁሉ እውነት ነው። ተነብቦልኝ፣ ከሳጅኑ ኋላ ቆሜ ፈርሜአለሁ።

ቃል ሰጪ፦ ኢብቲሳም ዓሪፍ (ፊርማ)
ቃል ተቀባይ፦ ረዳት ሳጅን ይታገሱ ሲሳይ (ፊርማ)
አሳዳጊ፦ አልፈረሙም፤ አልጋቸው ሥር ለማየት ወጥተዋል።