የማጀቴዋ ልጅ መልስ

ኮሮና ዩኒቨርሲቲዎችን በዘጋበት ወቅት፣ ከሸዋሮቢት ወደ ደብረ ሲና በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ተማሪና አንድ አዛውንት ከኋላዬ ሲያወሩ ሰማሁ።

«ትምህርቱ በስልክ ሆነ አሉ?»

«አዎ ጋሼ። እኔ የክፍል ተወካይ ስለሆንኩ መምህራን የላኩትን ለሁሉም አደርሳለሁ።»

«ለሁሉም ይደርሳል?»

«የት ይደርሳል! አንዷ ጓደኛዬ ማጀቴ ገጠር ናት፤ ኢንተርኔት የለም። አሳይመንት ሳታስገባ ቀረች። እንዲታይላት ለትምህርት ክፍሉ አመለከትኩ።»

«እሷስ?»

«‹መልስ እስኪሰጡን ታገሺ› አልኳት። ስትጠብቅ ቤተሰቦቿ ‹ትምህርቱ ከቀረማ› ብለው ዳሯት።»

«መልሱስ?»

«ትናንት መጣ። ዘግይታም ቢሆን እንድታስገባ ተፈቅዶላታል።»

«ታዲያ ንገሪያታ!»

«ደወልኩ፤ ስልኩን ያነሳው ባሏ ነው።»

«ምን አለሽ?»

«‹ሁለተኛ እዚህ ቁጥር ላይ እንዳትደውይ› አለኝ።»

ማስኬን እስከ ዓይኔ ስር ጎትቼ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።