ሞተሯ ሲጠፋ ቀጥ የምትለው መንኮራኩር

እህት ዓለም፣ ነይ ተቀመጪ። ሻይሽንም ይዘሽ ነይ። መስኮቱን ገርበብ አደረግሁት፤ እነዚህ ኮምፒውተሮች ሲግሉ ክፍሉ ምድጃ ነው የሚሆነው። ማራገቢያው ዛሬ ደህና ይሠራል… አየር ስላለ ነዋ። አየር በሌለበት ማራገቢያ ምን ይፈይዳል? ተይኝ፣ የፊዚክስ አስተማሪ አመል ነው። ጠዋት ተማሪዎቼን አሰለችና ከሰዓት እዚህ መጥቼ እናንተን።

ቀስ ብለን እናውራ አልሽኝ? ግድ የለም፣ አለቃችን ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ ደፍተዋል። ሽቦው እንኳ ምንም ላይ አልተሰካም… ለጌጥ ይሆናል። ደግሞ የማወራው ስለ እሳቸው አይደለም። አንድ የማውቃቸው ሰው አሉ፤ እሳቸውም እንደኛው አለቃ የቪዲዮ ጨዋታ ያሠራሉ። መመሳሰሉ የእግዜር ሥራ ነው።

ምን ዓይነት አዋቂ ሰው መሰሉሽ። ሌላው ‘ላም አለኝ በሰማይ’ እያለ ሲተርት፣ እሳቸው ላሟን ሰማይ ላይ አሰማርተው ወተቷን እዚሁ ምድር ላይ ያልቧታል። የጠፈር ጨዋታ ሠሩና መግቢያው ላይ በትልቁ ‘የወደፊቱ ቴክኖሎጂ፣ ሳይንሱ በባለሙያ የተረጋገጠ’ ብለው ጻፉ። ባለሙያዋ አንዲት አስተማሪ ናት አሉ… ወደሷ እመለሳለሁ።

እንዳንቺ ያለች እጀ ወርቅ ሠዓሊ ነበረች መንኮራኩሯን የሣለችላቸው። ግራና ቀኝ ክንፍ የመሰሉ ሰፋፊ ሙቀት ማስወጫዎች አደረገችላት። አስተማሪዋ ነግራት ነው፦ ጠፈር ላይ ሙቀቱን ጠርጎ የሚወስድ ነፋስ የለም፣ በእነዚህ በኩል ካልወጣ ተሳፋሪው ይቀቀላል ብላ። ልጅቷ ሦስት ሳምንት ለፋችበት። እሳቸው መጡ፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዩና ‘ልብስ ማስጫ ይመስላል’ ብለው አስነሱት። በምትኩ ነበልባል አስደረጉ። ዓይን ማለት ይኼ አይደል? ሰው ይቀቀል እንጂ ልብስ ማስጫ እንዴት ይታያል?

ለተሳፋሪው ያላቸው ርኅራኄ ደግሞ ለብቻው ነው። ክብደት በሌለበት ክፍል ሻዩ ሲቀዳ ቀጥ ብሎ ስኒው ውስጥ ይወርዳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው እሳቸውን ሳያዩ ነው፤ እሳቸው ዘንድ ቸኩለሽም አይፈስብሽም። መንኮራኩር ሲፈነዳም ድምፁ ከዳር እስከ ዳር ይሰማል። ድምፅ የሚሸከም አየር የለም ትይ ይሆናል… ትልቅ ሰው ሲናገር አየር ምን ያደርግለታል?

አትሳቂ፣ ማዳመጫው ይሰማሻል።

አጠፉ ያልኩ መሰለሽ? እኔ ምን ቆርጦኝ። ምትሃት ነው ብለው ቢጽፉበት እኔም ቁጭ ብዬ እጫወተው ነበር፤ አልጋ ጠፈር ላይ ቢያበሩ ማን ይከሳቸዋል? ጨዋታው እኮ ያምራል። ትሕትናቸው ግን አላስቀመጣቸውም፤ ከራሳቸው ጭንቅላት ያወጡትን ሁሉ ምስጋናውን ለሳይንስ ሰጡት።

አስተማሪዋማ… እሷን ሳላመሰግን አላልፍም። መንኮራኩሯ ሞተሯ ሲጠፋ ቀጥ ብላ ስትቆም አየችና ‘ይኼ ስህተት ነው፤ የሚይዛት ነገር ስለሌለ በነበራት ፍጥነት መሄዷን ትቀጥላለች’ አለቻቸው። ‘ተጫዋቹ ይሰለቻል’ አሏት። ከዚያ ስሟን በትልቁ ስክሪን ላይ አሳዩዋት። ሃያ ዓመት በጠመኔ ስትጽፍ የኖረች ሴት፣ ስሟ ከዋክብት መሃል ሲያበራ ስታይ ምን ትሁን? ‘የተረጋገጠ’ የሚለው ወረቀት ላይ ፈረመች። ጠዋት ጠዋት መስታወት ውስጥ አገኛታለሁ፤ ሰላም አንባባልም።

ባለፈው ሳምንት ፈተና ሰጠሁ። ከሁሉም ነገር ርቃ የምትጓዝ መንኮራኩር ሞተሯ ቢጠፋ ምን ትሆናለች? ከአርባ ሁለት ተማሪ ሃያ ዘጠኙ ‘ትቆማለች’ ብለው ጻፉ። አንዷ ልጅ ከሥሩ ‘መምህርት፣ ጨዋታው ላይ እርስዎም ፈርመውበታል’ ብላ ጨመረችበት። እንግዲህ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ማንን ላርም? ዓመት ሙሉ ያስተማርኩትን እሳቸው በአንድ ቅዳሜ ጨረሱት። እኔ ሳስተምር ልጆቹ ያንቀላፋሉ፣ እሳቸው ሲያስተምሩ እንቅልፍ ያጣሉ። እንዲህ ያለ መምህር ከየት ይገኛል?

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉ የለ? ጠፈር ላይ ምን ንጋት አለና ብለው ነው መሰል፣ እሳቸው ለማረም አልቸኮሉም።

የእኛው አለቃ ደግሞ፣ እኚህኛው፣ የማላማቸው፣ የሁለተኛውን ጨዋታ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኑረውልኛል። ጨዋታው ሰኞ ይወጣል። ዓረፍተ ነገሩ ያው ነው፣ የፊርማው ቦታም ያው። መንኮራኩሯም ነበልባል ጨመረች እንጂ ያቺው ናት። ካልፈረምኩ ወንበሬን ለሌላ ይሰጡታል። ይስጡት… ወንበር የትም አይጠፋም። እነዚያ ሃያ ዘጠኝ ልጆች ፊት ግን በምን ዓይኔ እቆማለሁ?

እስኪ ያን ቀዩን እስክሪብቶ አቀብዪኝ። … ይኸው። ‘በባለሙያ የተረጋገጠ’ የሚለውን ሰረዝኩና ‘ሳይንሱ ስህተት ነው፣ ጨዋታው ግን ያምራል’ ብዬ ጻፍኩ። ‘የመጀመሪያውም እንዲሁ’ ብዬ ከሥሩ ጨመርኩ። አሁን ፈረምኩ። ነገ ክፍል ገብቼ ‘ጨዋታው ላይ አይታችሁ ያመናችሁት ስም የኔ ነው፣ ተሳስቻለሁ’ እላቸውና ፈተናውን እደግማለሁ። ስታልፊ ይችን ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ ጣል አድርጊልኝ። ቀስ ብለሽ፣ ማዳመጣቸውን እንዳታቋርጫቸው።

እኔ ለዚያ ለማውቃቸው ሰው ቂም የለኝም። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ሁለት የሚያማምሩ ልጆች አሏቸው አሉ፤ ይደጉላቸው፣ ዓለምን ዞረው ይዩላቸው። የሚሳፈሩበትንም አውሮፕላን እንደ አባታቸው ለመልክ የሚጨነቅ ሰው ይሥራላቸው፣ እንደዚያች አስተማሪ ያለች እሺ ባይ ትፈርምላቸው። አሜን በይ እንጂ፣ እህት ዓለም።