ያልተወለደው ልጅ ነርቭ

ከኮልፌ በተሳፈርንባት ሴይቼንቶ በምትባለው ትንሽ አሮጌ ታክሲ ውስጥ፣ ሥጋ ደዌ ጣቶቿን ያደነዘዘባት ነፍሰ ጡር ሴት አጠገቧ የተቀመጠውን የሕክምና ተማሪ ጠየቀችው።

«ድስት ሲያቃጥለኝ እንኳ አላውቅም። ልጄም እንደኔ ይሆን?»

«በፍጹም፣ እትዬ! ደዌው በዘር አይመጣም። የእርስዎ ነርቭ ቢጎዳም የሱ አዲስ ነው።»

«ከየት ያመጣዋል?»

«ራሱ ያበቅለዋል። አንጎሉ ውስጥ እያንዳንዱ ሕዋስ ቀጭን ክር ያወጣል፤ ክሩም እንደ ሐረግ እየተሳበ ሄዶ ከሌላው ጋር ይገናኛል።»

«እዚያ ጨለማ ውስጥ ማን ይመራዋል?»

«አቅጣጫውን ያውቃል። ገና ምንም ሳያይ መገናኘት ይጀምራል።»

«ውይ፣ ረገጠኝ!»

«ይኸው! ክሮቹ ሥራ ጀምረዋል።»

«ሲረግጠኝ ሆዴ ይሰማዋል፤ እጄ ግን አይሰማውም።»

«ሲወለድ እሱ የእርስዎን እጅ ይሰማዋል።»

«እንግዲያው ድስቱ መጋሉን እሱ ይነግረኛላ!» አለችና ሳቀች።

እኔ እስክወርድ ድረስ የመስኮቱን ቅዝቃዜ በጣቶቼ ስዳብስ ሄድኩ።