ማኅተም ያልመጣለት ዜና

እኔ በከተማችን ሬዲዮ ጣቢያ የድምፅ መሣሪያ ሠራተኛ ነኝ። አንድ ጊዜ ዜና ላንብብ ብዬ ብጠይቅ፣ ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል ስላላለፈ፣ አለቃዬ በሰው ፊት «አንተ ቁልፍህን ብቻ ተጫን» ብሎኛል። አልረሳሁትም።

በቀደም ሆዴ አላስቆም አላስቀምጥ ብሎኝ ጤና ጣቢያ ብሄድ፣ ያው አለቃዬ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብሏል። ሚስቱ በሩ አጠገብ ካለው አልጋ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶላት ተኝታለች። የእህቱ ልጅ ፊቱ ቆማለች፤ ተምራ የመጣች፣ የጣቢያችን ዘጋቢ ናት።

«ጋሼ፣ የቧንቧው ውኃ ተበክሏል» አለችው። «ሐኪሙም የላቦራቶሪው ባለሙያም ለየብቻ ነግረውኛል። አሁኑኑ እንናገር።»

«የውኃ ቢሮው ደብዳቤ የታለ?»

«ኃላፊው ስብሰባ ሄደዋል።»

«እንግዲያው ሲመለሱ ይጽፋሉ። ማኅተም የሌለው ዜና ወሬ ነው፣ የኔ ልጅ። ነገ ጠርተው የሚያፋጥጡት እኔን እንጂ አንቺን አይደለም።»

«ፈቃድ ስናወጣ የአካባቢውን ዜና ልንናገር ግዴታ ገብተን የለም እንዴ?»

«እየተናገርን ነው! የከንቲባውን ስብሰባ ማን አወራ?»

«ከንቲባው የት እንደተቀመጡ አወራን። ሕዝቡ ምን እንደሚጠጣ ግን ትንፍሽ አላልንም።»

ሳቄ አመለጠኝ። ገላመጠኝ። ለነገሩ ከግልምጫ ሌላ ከእሱ ያገኘሁት የለም።

«ብንሳሳትስ?» አላት።

«ያወቅነውን እናውቃለን፣ ያላወቅነውን አናውቅም እንላለን። ቢሮውም መልስ እንዲሰጥ እንጠይቃለን። ከተሳሳትን በዚያው በሬዲዮ እናርማለን። አፍልቶ መጠጣት ማንን ይጎዳል፣ ጋሼ?»

ይኼኔ ሚስቱ ከአልጋዋ ሆና፣ በደከመ ድምፅ፣ «ስማ» አለችው። «ትናንት ቀኑን ሙሉ ያንተን ሬዲዮ ከፍቼ ዋልኩ። የሩቅ አገር የኳስ ውጤት ነገርከኝ። ከዚያ ውኃ ቀዳሁና ጠጣሁ።»

አለቃዬ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሂድ፣ መስመር ክፈትላት» አለኝ። «የሚመጣውን እኔ እቀበላለሁ።» እባክህ እንኳ አላለኝም። ሆዴን ይዤ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ሮጥኩ።

ዜናው ተነገረ። በየቤቱ ውኃ ተጣደ፤ ኃላፊውም ስብሰባቸውን ጥለው መጡና ቧንቧው ተዘጋ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የአካባቢ ሬዲዮ ጥቅሙ ይኸው ነው፦ አደጋ ሲመጣ ከማንም ቀድሞ ለጎረቤት መድረስ። ለዚህ ደግሞ የሚያውቁ ሰዎችን ጠይቆ ማረጋገጥ እንጂ የአንድ ሹም ፊርማ መጠበቅ አያሻም። አለቃዬም ዛሬ ይህንኑ ለአዲስ ዘጋቢዎች ያስተምራል፤ ራሱ ያመጣው ሐሳብ አስመስሎ።

እኛ ግን አርፍደን ነበር። የዚያን ቀን ዘጋቢዋ ያነበበችው ሁለተኛ ዜና፣ ከሬዲዮ ጣቢያው ጀርባ ይኖር የነበረ የአንድ ሕፃን የቀብር ሰዓት ነው።