የማይነካው የእጅ ሒሳብ

ነይ እስቲ እህቴ ማርሊስ፣ የዚህን ጠረጴዛ ጫፍ ያዢልኝ። ከትናንቱ በረዶ ቲማቲምሽ ተረፈልሽ? የኔንማ አንድ ሳያስቀር ነው ያራገፈው… ተይው፣ ሚዙሪ እንደሆነ ያው ነው። የድንች ጥብስሽ ሽታ የቤተ ክርስቲያኑን ምድር ቤት አውዶታል። ከምሳ በፊት ድምፅ እንስጥ ማለታቸው ግን አይገባኝም። በባዶ ሆድ የልጆች ሒሳብ መማሪያ ይመረጣል?

ለነገሩ ምርጫው ያለቀ ነው የሚመስለኝ። ያቺ እህታችን ባለፈው ሐሙስ ስትናገር አልሰማሽም? "ልጅ ቁጥርን የሚማረው በጆሮው ሳይሆን በእጁ ነው! ይዳስሰው፣ ይጨብጠው!" ስትል እንባዬ መጣ። ምን ዓይነት አንደበት ነው የሰጣት! ልጆቻችንን ቤት ከምናስተምር እናቶች ውስጥ እንደሷ ንግግር የሚያምርላት አለች? ቀጥላ ደግሞ "ቦሎቄ ለሾርባ ነው" አለች… እውነቷን እኮ ነው! አራት ዓመት ሙሉ የትንንሾቹን ጠረጴዛ ይዤ በቦሎቄና በእንቁላል ካርቶን ሳስተምር፣ ሾርባ መሆኑን አንድ ሰው እንኳ ሳይነግረኝ መቅረቱ! እናቶቹ ሁሉ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። አልዋሽሽም፣ ጥርሴ ነው የሳቀው፤ አንጀቴ አርሯል። ዛሬ የሷ ባለቀለም የመቁጠሪያ እንጨት ከተመረጠ ጠረጴዛውም የሷ ነው፤ እኔ ወደ ሳህን ማጠቡ እዛወራለሁ። ግን ቅር አይለኝም… ለምን ይለኛል?

ቀስ ብዬ ነው እኮ የማወራው። ከኋላችን ሰው አለ እንዴ? መስኮቱን የምትወለውለው? ኧረ ትስማ! ሰው ሲመሰገን መስማት ምን ክፋት አለው?

ያንን መማሪያ ለማየት አንድ ቀን ቤቷ ጎራ ብዬ ነበር። ቤት ነው ወይስ ቤተ መዘክር? እንጨቶቹ በመስታወት መደርደሪያ ውስጥ፣ ከአጭሩ እስከ ረጅሙ፣ በየቀለማቸው ተሰልፈዋል። ለሁላችንም ፎቶውን አንስታ የላከችልን እኮ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ሲሉ እሰማ ነበር፤ የሷ ላም ግን በመስታወት ውስጥ ናት፣ ቢያንስ ትታያለች! እጄን ዘርጋ ሳደርግ እርጥብ መጥረጊያ ሰጠችኝ። ጠረግሁ። ደግሜ ስዘረጋ፣ "በዓይንሽ ብቻ፣ የኔ ማር፤ አንዷ ከጠፋች ሙሉው ተበላሸ ማለት ነው" አለችኝ። ልጆቿስ? ልጆቿማ… የእንጨቱን ሥዕል ከመጽሐፉ ላይ ይቆጥራሉ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እንዴት ያሉ ጨዋዎች መሰሉሽ! በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? ይህን ስለምታውቅ እኮ ነው በእጅ የማታስይዘው። ጥበብ እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

እኔ ጋ ደግሞ ማክሰኞ ማክሰኞ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ትውላለች። የማን እንደሆነች ምን ያደርግልሻል? እናቷ በየከተማው እየዞረች ሌሎች እናቶችን ስለ… ስለ አንድ ጠቃሚ ነገር ታስተምራለች። የመጀመሪያ ቀን ቦሎቄውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩላት። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች። "ይነካል?" አለችኝ። ማርሊስ፣ ይነካል ወይ አለችኝ! ፊቴን ወደ ማጠቢያው አዞርኩ… ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር መሰለኝ። ከዚያማ እስከ ክርኗ ገባችበት። የእንቁላል ካርቶኑን እንደምታውቂው ከአሥራ ሁለቱ ሁለት ጉድጓድ ቆርጬ የአስር አድርጌዋለሁ። ስምንት ቦሎቄ ላይ ሰባት ስትጨምር አስሩ ሞላ፣ አምስት ተረፋት። "ሞላ! ሞላ!" ብላ ስትጮህ ውሻዬ በርግጎ ሶፋው ሥር ገባ። ለእናቷ ነገርኩ? ምን አገባኝ! ደስታቸውን እዚያው በመስታወቱ በኩል ያገኙ የለ?

እና ዛሬ ከድምፁ በፊት አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ በነዚያ እንጨቶች ሠርታ ታሳየናለች አሉ። ለዛሬ ተፈቅዶላት ነው መቼም። ታኮራናለች፣ አልጠራጠርም፤ መማሪያው እኮ ጥሩ ነው! ሲያዩት ያማረ ነው፤ ሲበሉትማ… ማን በልቶት? ብቻ እዚያ ደረጃው ላይ ስትዘል በቀሚሷ ኪስ የሚንኳኳው ምንድን ነው? ከረሜላ ነው ተብሏል። ከረሜላ ይሁን! ከኔ ጓዳም ባለፈው እፍኝ ቦሎቄ ጎድሏል፤ አይጥ ነው መሰለኝ። አልናገርም ብዬ ለልጅ ቃል ሰጥቻለሁ። ተናገርኩ እንዴ? ምንም አልተናገርኩም።

መወልወሉ ቆመ አይደል? ደክሟት ይሆናል፣ ምስኪን… መስታወት ሁሉ በሷ እጅ ነው።

በይ ያንን ጭልፋ አቀብዪኝ፣ ሊጀምሩ ነው። ቦሎቄዬን ቢመርጡም ባይመርጡም እኔ ቂም አላውቅም፤ ከልቤ እመርቃታለሁ። እግዚአብሔር ያንን መማሪያ ከነመስታወቱ ይጠብቅላት። አንዲት እንጨት አትጉደልባት፤ ቀለሙ አይልቀቅ፣ ጠርዙ አይሸራረፍ፣ የልጅ ጣት አይረፍበት። ልጆቿ አድገው በየፊናቸው ከቤት ሲወጡም፣ እንደ ዛሬው አዲስ ሆኖ እሱ እንኳ አብሯት ይቅር። አሜን በይ እንጂ፣ ማርሊስ!