አራሷ ማን ናት?

ወደ ሥራ ልሄድ ስል፣ ባሕር ማዶ በምንኖርባት ኧርቪንግ ከተማ ካለው አፓርታማችን ፓርኪንግ ውስጥ እማማ እማዋይሽን ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ልጃቸውን፣ ጎረቤቴን ልዩን፣ ሊያርሱ ቅቤና የገንፎ ዱቄት ተሸክመው ከደብረ ታቦር የመጡት በቅርቡ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ አድርሰኝ አሉኝ። የልጅ ልጃቸው ከተወለደ ቀናት አልፈዋል፣ እሳቸው ግን አንዴም አላቀፉትም።

"ማንን ልረስ? የልጄ ሆድ የልጃገረድ ሆድ ነው። ልጁን የወለደችው ፎርት ዎርዝ ከተማ ያለች ፈረንጅ ናት። ሳታምጥ እናት የሆነች የት አለች?"

ይህን ጥያቄ ከአበሻው ሁሉ ስንቴ እንደሰማሁት እግዜር ይወቀው። ነርስ ስለሆንኩ ማስረዳቱ የእኔ ዕዳ ሆኗል። ልዩም ብትሆን ታናድዳለች፤ ሐሜት ፈርታ ለእናቷ እንኳ ሳትነግር ቆየች። ንዴቴን ውጬ ደገምኩላቸው፦ የልዩ ማህፀን በሕመም ምክንያት ወጥቷል፣ ፅንሱ የእሷና የባሏ የባርናባስ ነው፣ ዳና የምትባለው ሴት በሐኪም ክትትልና በሕግ ውል ተሸከመችላቸው እንጂ ልጁ የሥጋ ዘመዷ አይደለም። እሳቸው ግን "ማህፀንም እንደ ቤት ይከራያል?" ብለው እንደገና ከመጀመሪያው ተነሱ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነብኝ።

"እሺ እማማ፣ ልዩን ያጠባት ማን ነው?" አልኳቸው። ወተታቸው ደርቆ እንደነበር ራሳቸው አጫውተውኛል።

"ጎረቤቴ ዓለምጌጥ።"

"ታዲያ ልዩ የማን ልጅ ናት?"

"የኔ ናታ። ዓለምጌጥንም እስክትሞት ድረስ እንደ እህቴ አይቻታለሁ።"

"ዳናም እንደ ዓለምጌጥ ናት። እሷ ጡቷን ሰጠች፣ ይቺ ማህፀኗን።"

ከሻንጣቸው ላይ ብድግ አሉ። ከዚያ ዳናን ማን እያረሳት እንደሆነ ጠየቁኝ። ማንም እንደሌለ፣ ባሏም ሥራ እንደገባ ነገርኳቸው።

"ወልዳ ብቻዋን ተኝታለች? እናንተ የተማራችሁት ናችሁ እንዲህ የምታደርጉት? ሻንጣውን መልስ።"

ከሥራዬ ቀረሁ። ገንፎው እስኪሠራ ጠብቄ እማማን፣ ልዩንና ሕፃኑን ይዤ ፎርት ዎርዝ ዳና ቤት ነዳሁ። መንገድ ላይ ሳስበው የቆየው ይህ ነው፦ ነገሩን ቀድመን በግልጽ ብንነጋገርበት ስንቱ መካን ተብሎ የሚታማ ባልና ሚስት መላ ባገኘ፣ ስንቷም አያት ሻንጣዋ ላይ ባልተቀመጠች ነበር።

እማማ ገንፎውን ለዳና ሰጥተው ግንባሯን ሳሙ። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አሏት። እኔ ተረጎምኩላት።

ልዩ ልጇን ታቅፋ በር ላይ ቀርታ ነበር። ዘወር አሉና "አንቺንም እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ልጄ" ብለው ሕፃኑን ተቀበሏት።