አንዴ የወጣ አሜን

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፣ የጊንጆ ጎረቤቶች፣ ከሰርቦና ከሊሙ ገነት መንገድ አቋርጣችሁ የመጣችሁ ወገኖች፤ አፈር ከመልበሳቸው በፊት የሟቹን ታሪክ ለቆመው ሕዝብ ማሰማት የእድራችን ሥርዓት ስለ ሆነ ጥቂት ታገሡን። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀውም የሚያነበውም የእድሩ ጸሐፊ ገበየሁ ነው። ጸሐፊው በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ብዙ ዜና ሕይወት ያነበበ ቢሆንም፣ ስለ ትዳር የሚናገረው አንድ መስመር ይነበብ አይነበብ ተብሎ ኮሚቴው እስከ ምሳ ሰዓት የተከራከረበት ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። መስመሩ ተራው ሲደርስ ይሰማል።

አቶ ሹ ዌንሃይ ከአባታቸው ከመምህር ሹ ጉዎዶንግና ከእናታቸው ከወይዘሮ ያንግ ሜይላን በ1973 ዓ.ም. በቻይና አገር፣ በዩናን ክፍለ ሀገር ተወለዱ። የተወለዱበት መንደር ቡና የሚበቅልበት ዳገታማ ቦታ ሲሆን፣ ይህን መጀመሪያ ሲነግሩን የቡና ነጋዴው አቶ መሐሙድ «ወላሂ፣ ቻይና ቡናም መሥራት ጀመረ?» ብለው ሰፈሩን ማሳቃቸው አይረሳም። አቶ ዌንሃይ ትምህርታቸውን በትውልድ ቦታቸው ጀምረው፣ በኩንሚንግ ከተማ በቅየሳ ሙያ ተመርቀው፣ በመንገድ ሥራ ላይ ተሰማሩ። በ1997 ዓ.ም. ሃያ አራት ዓመት ሲሞላቸው አባታቸው ልጅ አጭተው ቢጠብቋቸው፣ ልባቸው ወደ ወንድ እንጂ ወደ ሴት እንደማያዘነብልና በኩንሚንግ የሚወዱት ሰው እንዳላቸው ሳይሸፋፍኑ ነገሯቸው። አባትየውም ከዚያን ዕለት ጀምሮ ቤቴን አትርገጥ ስላሏቸው፣ አቶ ዌንሃይ እስከ ዕለተ ሞታቸው ያንን ደጃፍ አልረገጡም። እናታቸው ግን በዓመት አንድ ጊዜ ከጎረቤት ቤት ይደውሉላቸው ነበር።

በ2000 ዓ.ም. በጅማ ዙሪያ በሚሠራ መንገድ ላይ በቀያሽነት ተቀጥረው ወደ አገራችን መጡ። ባለ ሦስት እግር መሣሪያቸውን በሰርቦ ገበያ ዳር ተክለው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲመለከቱ፣ ገበያተኛው ፎቶ የሚያነሡት እየመሰለው ነጠላውን ያስተካክል እንደ ነበር የዚያን ጊዜ ሰዎች ይናገራሉ። በ2003 ዓ.ም. መንገዱ ሲያልቅ ባልደረቦቻቸው ዕቃቸውን ጠቅልለው ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ እሳቸው ሊሙ ገነት በሚገኝ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የማድረቂያ አልጋዎችን ለማሠራትና ጥራት ለመቆጣጠር ተቀጥረው ቀሩ። መኖሪያቸውንም በጅማ ከተማ ጊንጆ ሰፈር፣ በወይዘሮ ሸዋረገጥ ግቢ አደረጉ። ወይዘሮ ሸዋረገጥ ባላቸው ከመንዝ ወደ ጅማ ተዛውረው ሲመጡ አብረው የመጡ፣ ባላቸውን በዚሁ ከተማ የቀበሩና ልጅ ያልነበራቸው እናት ናቸው። ተከራያቸውን ለመዳር ሁለት ጊዜ ልጃገረድ አይተውላቸው ሁለቱንም ጊዜ «እማዬ፣ ይቅርብኝ» ስላሏቸው፣ ወይዘሮ ሸዋረገጥ የቻይና ሰው ዓይነ አፋር ነው ብለው ደምድመው ነበር።

አቶ ዌንሃይ የእድራችን አባል ከሆኑ ጀምሮ የሐዘን ድንኳን ተከላው በእጃቸው ነበር። ቀያሽ ናቸውና ካስማው ሳይለካ አይመታም፤ አንድ ጊዜ ከአንድ ምሰሶ ላይ አራት ጣት ለማስተካከል ለቀስተኛውን ፀሐይ ላይ አቁመው ተሰድበዋል። ሆኖም ድንኳናችን በክረምት ውሃ አቁሮ በለቀስተኛ ላይ መገልበጡን የተወው በሳቸው ጊዜ መሆኑን የማይመሰክር የለም።

በ2005 ዓ.ም. በስልካቸው አጫጭር ቪዲዮ እየቀረጹ በአገራቸው ማኅበራዊ መገናኛ ላይ መልቀቅ ጀመሩ። ሁልጊዜ «አካም ጂርቱ» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ይከፍቱና፣ ቀይ ቡና ሲለቀም፣ ሲታጠብ፣ በአልጋ ላይ ሲገላበጥ፣ ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ተሳፋሪው ወርዶ ሲገፋ፣ ያዩትን ሁሉ በቻይንኛ ያስረዱ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ተከታያቸው ከአራት መቶ ሺህ በላይ ሆነ። እኛም ቋንቋውን ስለማንሰማ፣ የሚያወሩት ሁሉ ስለ ቡና ስለሚመስለን፣ ካሜራው ሲበራ ከኋላቸው ተቀምጠን ራሳችንን እየነቀነቅን እናደምቅላቸው ነበር።

በጥር ወር 2007 ዓ.ም.፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ስልካቸውን በባልዲ ላይ አቁመው በወይዘሮ ሸዋረገጥ በረንዳ ላይ መናገር ጀመሩ። ከኋላቸው ወይዘሮ ሸዋረገጥ ምስር ይለቅማሉ፣ አቶ መሐሙድ የራዲዮናቸውን አንቴና ያቃናሉ፣ ይህን የሚያነበው ገበየሁም ጋዜጣ ዘርግቷል። የዚያን ዕለት የተናገሩት ስለ ቡና አልነበረም። ለዚያ ሁሉ ተከታይ ማንን እንደሚወዱ፣ አባታቸው ለምን በር እንደ ዘጉባቸውና በዚህ ግቢ እንዴት እንደሚኖሩ ነበር። እንባቸው ሲወርድ፣ ወይዘሮ ሸዋረገጥ ጸሎት የሚያደርሱ መስሏቸው ሰፌዱን አስቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ «ልጄ፣ የልብህን መሻት ይፈጽምልህ፣ ከምትወደው አይለይህ፣ አሜን» አሉ። አቶ መሐሙድ «አሚን» አሉ። ገበየሁም ከጋዜጣው ቀና ሳይል «አሜን» አለ።

ያ ቪዲዮ በቻይና አገር ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ገጻቸው ተዘግቶባቸው እንደገና ከፈቱ፤ አማርኛ የሚያውቁ ሰዎችም የምርቃቱን ትርጉም ከምስሉ ጋር እያሠራጩ፣ ወይዘሮ ሸዋረገጥ በማያውቁት አገር እናት አጥቶ ለኖረ ሁሉ እናት ሆኑ። እኛ የሰማነው በ2009 ዓ.ም. ነው። የአቶ መሐሙድ ልጅ ሱዓድ በቻይና በነፃ የትምህርት ዕድል ስትማር፣ የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ «ልጇን የመረቀች አፍሪካዊት እናት» ብላ ያሳየቻት ቪዲዮ ላይ የገዛ አባቷን ከነራዲዮናቸው አየች። ደውላም ለአባቷ ነገረች።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ተባለ። የወይዘሮ ሸዋረገጥ ቆርቆሮ ጣሪያ ለሳምንት በድንጋይ ተደበደበ። አቶ ዌንሃይ ከእድሩ ይሰረዙ የሚል ማመልከቻ ቀረበ፤ ነገር ግን ደንባችን አባል የሚሰርዘው ሦስት ቀብር በተከታታይ ሲቀር ብቻ ስለ ሆነ፣ አቶ ዌንሃይ ደግሞ አንድም ቀብር ቀርተው ስለማያውቁ ጥያቄው ወደቀ። ጸሐፊው ገበየሁ ራሱ ሁለት ወር ሙሉ ሰላምታ ነፍጓቸው ነበር፤ ይህን ሳይናገር ቢያልፍ ውሸታም ይሆናል፣ ያሳፍረዋልም። ወይዘሮ ሸዋረገጥም ሦስት ቀን በራቸውን ዘጉ። አቶ ዌንሃይ ሻንጣቸውን አዘጋጅተው ቁልፉን መስኮቱ ላይ አኖሩ። በአራተኛው ቀን ወይዘሮ ሸዋረገጥ ወጥተው እንዲህ አሏቸው፦ «ነገሩ ዛሬም አልገባኝም፤ የንስሐ አባቴንም ምን እንደምላቸው አላውቅም። አሜኑ ግን ወጥቷል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ወደ ላይ የሄደውን እኔ ጠርቼ አልመልሰውም። ቁልፍህን አንሣ፣ ምሳ ቀርቧል።»

አቶ ዌንሃይ በ2010 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ጸንቶባቸው በጅማና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆዩ። ሕመሙ ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ፣ አቶ ሊዩ ጉዋንሚንግ የተባሉት በኩንሚንግ ልብስ ሰፊ የሆኑት ሰው ሱቃቸውን ዘግተው በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ጊንጆ ደረሱ፤ አምስት ወርም አጥበው፣ አጉርሰው፣ ደግፈው አስታመሙ። በሽተኛው ሲተኙላቸው ደግሞ የእድሩን ድንኳን ቀዳዳ በሙሉ ጠቀሙ፤ ከቀብር ስንመለስ የምንቀመጥበት ድንኳን የሳቸው እጅ ያረፈበት ነው። አቶ ዌንሃይ መጋቢት 9 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠዋት በሠላሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ። ትምህርቷን ጨርሳ የተመለሰችው ሱዓድ ወደ ቻይና ደውላ ስታረዳ እናታቸው አለቀሱ፤ አባታቸው ስልኩን አልተቀበሉም።

ወደ መስመሩ ደርሰናል። የእድሩ ዳኛ አቶ ወርቅአገኘሁ «ትዳር ሳይመሠርቱ አረፉ ብለህ እለፈው፤ ማን ይጎዳል?» አሉ። ጸሐፊውም እንደተባለው ጽፎ ለወይዘሮ ሸዋረገጥ ሲያነብላቸው፣ «ሬሳ ፊት አይዋሽም። ያን ጊዜ ሳይገባኝ ያስመረቀኝ የሱ ዝምታ ነው፤ ደግሞ በእናንተ ዝምታ አትቅበሩብኝ» አሉት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ጸሐፊው ግን ወረቀቱን ቀደደ። አቶ ወርቅአገኘሁ ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም ብለው አልተስማሙም፤ ያልተስማሙት አቶ ወርቅአገኘሁ ዛሬ ቃሬዛውን ከፊት ይዘው እዚህ ድረስ መጥተዋል።

መስመሩ ይህ ነው፦ አቶ ሹ ዌንሃይ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ አሥራ አራት ዓመት፣ በቅርብም በሩቅም፣ የሕይወት አጋራቸው ከሆኑት ከአቶ ሊዩ ጉዋንሚንግ ጋር በፍቅር ኖረዋል። ልጅ አልወለዱም።

ከኋላቸው የቀሩት ወላጅ እናታቸው ወይዘሮ ያንግ ሜይላን፣ አባታቸው መምህር ሹ ጉዎዶንግ፣ በጊንጆ የወለዷቸው እናታቸው ወይዘሮ ሸዋረገጥና አጋራቸው አቶ ሊዩ ናቸው። አቶ ሊዩ ከሬሳው ራስጌ፣ ወይዘሮ ሸዋረገጥ እጃቸውን ይዘዋቸው ቆመዋል፤ አማርኛ ስለማይሰሙ ሱዓድ በጆሯቸው እየነገረቻቸው ነው። ያን እሑድ ሳይገባን አሜን ያልነው እኛ ነበርን። ዛሬ የተነበበው በቋንቋችን ነው፤ አልሰማንም አይባልም።

የነፍስ ጌታ የአቶ ሹ ዌንሃይን ነፍስ በደግ ስፍራ ያሳርፍ፣ የቀሩትን ያጽናና፣ እሳቸውንም ከሚወዱት አይለያቸው። የገባችሁ አሜን በሉ።